ጥርሱ ያላለቀ ጎማ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ለቆየ ዕቃ ያለን ፍቅርና ለሰው ሕይወት ያለብን ኀላፊነት ቢጋጩ የትኛውን እናስቀድማለን? ሁሉም «ሕይወትን» ብሎ ይመልሳል። ነገር ግን በአፍ መመለስና በእጅ መፈጸም የተለያዩ ናቸው። ይህንም በአንድ ምሳሌ እንመርምር።

በእንግሊዝ አገር የቆየ ሞተር ብስክሌት በክብር የሚይዙ ሰዎች ብዙ ናቸው። ከነዚህም አንዱ በኮቬንትሪ ከተማ አጠገብ በሜሪደን ይሠራ የነበረው፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. የወጣው ትራያምፍ ቦነቪል ነው። ባለቤቱ ብረቱን ይወለውላል፤ ሞተሩን ፈትቶ ይገጥማል፤ ቀለሙን እንደ ጥንቱ ያድሳል። ወደ ጎማው ሲደርስ ግን «ጥርሱ አላለቀም» ብሎ ያልፈዋል።

እውነት ነው፤ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚነዳ ሞተር ጎማውን አይጨርስም። ሆኖም ጎማ በመሮጥ ብቻ ሳይሆን በመቆምም ያረጃል። አየሩ፥ ፀሐዩና ሙቀቱ ላስቲኩን ያደርቁታል፤ ጎኑ በቀጫጭኑ ይሰነጣጠቃል፤ የደረቀውም ጎማ እርጥብ መንገድ አይቆነጥጥም። ከእያንዳንዱ ጎማ መንገዱን የሚነካው ደግሞ የእጅ መዳፍ ያህል ብቻ ነው። ፍሬኑም መታጠፊያውም የሚታመኑት በዚያች መዳፍ ነው።

የጎማ ዕድሜ የተሰወረ ምሥጢር አይደለም። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በተሠሩት ላይ አራት አኃዝ በጎናቸው ይገኛል። 2319 ቢል በ2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ሦስት አኃዝ ብቻ ያለበት ከዚያ በፊት የተሠራ ነውና ያለ ክርክር ይውለቅ።

ሲመርጡም ማስተዋል ያሻል። 3.25-19 የሚለው ጽሕፈት የጎማው ስፋት 3.25 ኢንች፥ የቸርኬው ስፋት ከዳር እስከ ዳር 19 ኢንች መሆኑን ያመለክታል። የሚሸከመው ክብደትና የሚችለው ፍጥነትም መታየት አለበት። የቆዩት ሞተሮች የተሠሩት ክሩ በሰያፍ ለተጠላለፈ ጎማ ስለ ሆነ ራዲያል ከሚባለው ጋር ማደባለቅ አይገባም። ራጂ ባለው ቸርኬ ላይ አዲስ ጎማ ሲገባ ከመነዳሪውም አዲስ ይሁን። ነፋሱ ጎማው ሳይሞቅ፥ ገና ሳይነዳ ይለካ፤ ያነሰ እንደ ሆነ ጎማው እየታጠፈ ይግላል፤ የበዛም እንደ ሆነ መሬቱን የሚይዘው ክፍል ይጠባል።

ነገር ግን «ሞተሩ የእኔ፥ ነፍሱም የእኔ፤ ለማን እጠየቃለሁ?» የሚል አይጠፋም። ከኋላው የተቀመጠው ሰው የማን ነው? መንገድ የሚሻገረውስ ልጅ? ከኋላ የተፈናጠጠው ጎንበስ ብሎ አኃዙን አላነበበም፤ እንዲያነብም የነገረው የለም። አምኖ ተቀመጠ እንጂ። ስለዚህ ማወቅ የሚችለው ሰው ማወቅ ለማይችለው ማየት ግዴታው ነው። «አላወቅሁም» ማለት ሊያውቅ ላልቻለ ሰው ምክንያት ይሆናል፤ ጎንበስ ብሎ ማየት ይችል ለነበረው ግን ስንፍና ነው።

ሌላው ደግሞ «የጥንቱ ጎማ ከወለቀ ሞተሩ ያው የጥንቱ ነው ወይ?» ይላል። የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ጎማው እያለቀ እንዲለወጥ አስበው ሠሩት እንጂ ለዘለዓለም አላሰቡትም። ዛሬም በጥንቱ መልክ የሚሠሩ አዳዲስ ጎማዎች ይሸጣሉ። ፈራሹን መለወጥ የቀረውን ማክበር ነው። አሮጌው ጎማ ለመታሰቢያ ቢያስፈልግ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ በመንገድ ላይ ግን ሰው አይሸከም።

እንግዲህ ወጣቶች፥ መልኩ ያማረ ነገር ሁሉ ጤነኛ አይምሰላችሁ። ሌላው በእናንተ ታምኖ የሚቀመጥበትን ነገር፥ ጎማም ቢሆን፥ መሰላልም ቢሆን፥ ቃልም ቢሆን፥ እርሱ ሳይጠይቃችሁ መርምሩ። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።