ለክሪኩ ማን ይናገርለት?

ጊምቢ ላይ አንድ የቡና ነጋዴ ነበረ አሉ። የዚያ አገር ቡና ፍሬው ትልልቅ ነው፤ በውጭ ገበያም በነቀምቴ ስም «ለቀምቴ» እየተባለ ይሸጣል። አንድ ዓመት ዋጋው ቀና አለለትና ሰውዬው አሮጌ ላንድክሩዘር ገዛ።

መኪናዋ ደኅና ነበረች። ሞተሯ ናፍጣ፣ ጎማዋ አዲስ፣ ስኮርታዋ ከኋላ በር ላይ የተሰቀለ። አንድ ነገር ብቻ ጎደላት፤ ድምፅ። ቴፑ የፋብሪካ ነው፤ ሁለቱ የበር ስፒከሮች ከሞተሩ ጋር አብረው ያጉረመርማሉ እንጂ አይዘፍኑም። ከጊምቢ ነቀምቴ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከነቀምቴ አዲስ አበባ ደግሞ 330 ገደማ። ያን ሁሉ መንገድ የናፍጣ ሞተር እያዳመጡ መሄድ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለጠላትም አይመኙት።

ሰውዬው ቡናውን አዲስ አበባ ባስረከበ ማግሥት ሶማሌ ተራ ገባ። ባለ 12 ኢንች ሳብዉፈር፣ የ1,000 ዋት አምፕሊፋየር፣ አራት ስፒከርና አውራ ጣት የሚያህል ሽቦ ይዞ ወጣ። ነቀምቴ ሲደርስ ወደ አንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ ሄደ። ሽማግሌው ከካሴት ዘመን ጀምሮ የወለጋን መኪና ሲያዘፍኑ የኖሩ ናቸው፤ ከነጆም፣ ከመንዲም፣ ከደምቢ ዶሎም ይመጡላቸዋል።

ሽማግሌው ዕቃውን አዩ፤ መኪናዋን አዩ።

«የት ይግባ ብለህ ነው?»

«ኧረ ጋሼ፣ መኪናዋ እኮ ሰፊ ናት!»

«ለሰው ሰፊ ናት። ድምፅ ግን ከሰው ይበልጥ ቦታ ይወዳል» አሉና አስረዱት። ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ስፒከር ሳጥን ውስጥ ካልታሸገ የፊቱና የኋላው አየር እየተጣፋ ባሱ ይሞታል። ሳጥኑ 30 ሊትር ያህል አየር መያዝ አለበት፤ ከአንድ የዘይት ጀሪካን ይበልጣል። አምፕሊፋየሩ ይግላልና ምንጣፍ ሥር አይቀበርም፤ ነፋስ ይፈልጋል። 1,000 ዋት በ12 ቮልት ሲካፈል ከ83 አምፔር በላይ ነው፤ አሮጌው ዲናሞ ያንን ስለማይችል ከበሮው በመታ ቁጥር የፊት መብራቱ ይጠቅሳል። ወፍራሙ ሽቦም ከባትሪው እንደወጣ ፊውዝ ካልገባለት አንድ ቀን ላሜራ ልባሱን ይበላውና እሳት ነው።

ሰውዬው በዲናሞውም በፊውዙም ተስማማ። «ቦታ ብቻ ፈልጉልኝ» አለ።

ሽማግሌው ቦታ አልፈለጉም። ሸራ ዘረጉ።

ረዳታቸው የመኪናዋን ሆድ ዕቃ አንድ ሳያስቀር አወጣ፤ ከወንበር ሥር፣ ከጎን ልባሱ ውስጥ፣ ከኋላው ወለል ላይ። የወጣውን ሁሉ ሸራው ላይ በተርታ ደረደረው። ገመድ። የውሃ ጀሪካን። የመጀመሪያ ርዳታ ሳጥን። ጎማ መፍቻ። ክሪክ ከነመዘወሪያው። አንድ እግር የሕፃን ጫማ። በመጨረሻ ከኋላ ያሉት ሁለት ታጣፊ ወንበሮች ተፈትተው ከጫፍ ተቀመጡ።

ሽማግሌው በርጩማ ስበው ተቀመጡ። «መኪናህ ይኸው ባዶዋን ናት። እኔ ምንም አላስወጣብህም። አንተ አንድ በአንድ እያነሣህ ተናገርለት። የተናገርክለት ይመለሳል፤ ያልተናገርክለት ቦታውን ይለቃል።»

ሰውዬው ከወዲያ ጫፍ ጀመረ። ገመዱን አነሣና «ክረምት ላይ ከጭቃ የሚያወጣኝ ይህ ነው» አለ። ተመለሰ። ጀሪካኑን አነሣና «ዳገት ላይ ሞተሯ ይግላል» አለ። ተመለሰ። የርዳታ ሳጥኑን አነሣና «ትራፊክ ይጠይቃል» አለ፤ ለፖሊሱ እንጂ ለቁስሉ አላሰበም፤ ቢሆንም ተመለሰ። ጎማ መፍቻውን እንኳ «ለዱላም ይሆናል» ብሎ አስመለሰው። የሕፃኗን ጫማ ኪሱ ከተታት።

ክሪኩ ላይ ሲደርስ ዝም አለ።

ክሪክ ከባድ ነው፤ ዘይት ይነካዋል፤ እጅ ያቆሽሻል። በስንት ጊዜ አንዴ ነው የሚወጣው? የወጣበት ጓዳ ደግሞ ከኋላ በኩል፣ ነፋስ የሚያገኝ፣ አምፕሊፋየሩን ለክተው የሠሩት የሚመስል ነው። ሰውዬው ጓዳውን አየ፤ አምፕሊፋየሩን አየ።

«ጎማዎቹ አዲስ ናቸው» አለ። ይህ ለክሪኩ የተነገረ ቃል አልነበረም።

ሽማግሌው ቡናቸውን ፉት አሉ። ጠበቁት። «ሌላ የምትለው አለ?»

«ቤት ይቀመጥ፤ የትም አይሄድም።»

ረዳቱ ክሪኩን ከሸራው አንሥቶ ግድግዳ ሥር አስጠጋው።

የቀሩት ወንበሮቹ ናቸው። አንዱ የማንም አልነበረም። በሁለተኛው ላይ ግን እናቱ ይቀመጡበታል። የፊቱን ወንበር ሲለምኗቸው «እኔ ከልጆቹ ጋር ይሻለኛል» ብለው፣ ቅርጫታቸውን በጉልበታቸው መሐል ይዘው ከኋላ ይሄዳሉ። ወደው ስለሚቀመጡበት፣ ወንበሩ የእሳቸው ነው ብሎ ያሰበ አልነበረም።

«እናቴ ለቦታ አትጨነቅም» አለ ሰውዬው።

ወንበሮቹም ግድግዳ ሥር ሄዱ። በቦታቸው ከቺፑድ የተሠራ፣ ምንጣፍ የለበሰ ሳጥን ገባ። ማምሻውን የአሊ ቢራ ዘፈን ተከፈተ፤ ባሱ ደረት ይመታል፤ ከኩምሣ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ወዲያ ማዶ ሳይሰማ አልቀረም ይባላል። ሰውዬው ሒሳቡን ከፍሎ፣ ክሪኩንና ወንበሮቹን ጭኖ ወሰደና ጊምቢ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ቆለፈባቸው።

ፋሲካ አለፈ፤ የሠርግ ወር ገባ። የሚስቱ ታናሽ እህት ነቀምቴ ላይ ልትዳር ነው። መኪናዋ በሪባንና በአበባ አጌጠች። ሚስት ከፊት፣ ልጆችና ዘመድ በመሐል። እናቲቱ «ለእኔ አታስቡ» ብለው ከመናኸሪያ በቅጥቅጥ ተሳፈሩ።

ጊምቢም ነቀምቴም ከፍ ብለው የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። በመካከላቸው መንገዱ ወደ ዲዴሳ ይወርዳል፤ ወንዙን በድልድይ ተሻግሮ እንደገና ይወጣል። ሸለቆው ቆላ ነው፤ ያቃጥላል። እዚያ ሙቀት ውስጥ፣ ዳገቱ ሊጀምር ሲል፣ የኋላው ግራ ጎማ ፈነዳ።

ስኮርታው አለ። ጎማ መፍቻው አለ። ገመዱ፣ ውሃው፣ ለትራፊክ የሚታየው ሳጥን፣ ሁሉም አለ። መኪናዋን ከመሬት የሚያነሣት ግን ጊምቢ ተቆልፎበታል።

ሰውዬው ሙዚቃውን አጥፍቶ መንገድ ዳር ቆመና እጁን አነሣ። አንድ ፒክአፕ ፍጥነቱን ጨምሮ አለፈ። አንድ ሚኒባስም እንዲሁ። አይፈረድባቸውም፤ ጭር ባለ ሸለቆ ውስጥ ጸጥ ብሎ ለቆመ መኪና ማቆም በዚህ ዘመን ልብ ይጠይቃል።

«ዝምታችን ነው የሚያስፈራቸው» አለ ሰውዬው። ሙዚቃውን ለቀቀው።

አሁን መኪኖቹ ዝግ ማለት ጀመሩ። ሪባኑን ያያሉ፤ ዘፈኑን ይሰማሉ፤ ሁለት እጁን አንሥቶ የሚዘል ሰው ያያሉ። ክላክስ ይነፉለታል። እልል ይሉለታል። «ክሪክ! ክሪክ!» ይላል፤ 1,000 ዋት ከጀርባው አለና አፉ ሲከፈት እንጂ ቃሉ አይሰማም። አብሮ እየዘፈነ መሰላቸው። የአንድ አይሱዙ ረዳት ጭራሽ በመስኮት ወጥቶ እስክስታ መታለትና አለፈ።

በመጨረሻ ቅጥቅጡ ደረሰ። በየመንደሩ ሰው ሲያወርድ፣ ሰው ሲጭን የዘገየ ነው። ተሳፋሪው መኪናዋን ሲያይ አጨበጨበ። ሾፌሩ ክላክስ ነፍቶ ሊያልፍ ሲል ከኋላ አንዲት አሮጊት ድምፅ አሰሙ።

«አቁም፣ ልጄ!»

«ሠርገኞች እኮ ናቸው፣ እማማ።»

«ልጄ ነው። ከወለድኩት ጀምሮ ሲጨፍር አይቼው አላውቅም። አንድ ነገር ሆኗል።»

ቅጥቅጡ ቆመ። ረዳቱ የራሳቸውን ክሪክ ይዞ ወረደ፤ ጎማው ብዙም ሳይቆይ ተቀየረ። እናቲቱ ቅርጫታቸውን እንደያዙ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ልጃቸውን ጠየቁት።

«የእኛ ክሪክስ?»

«ቤት ነው፣ እማዬ። ቦታ ጠፍቶ አወረድነው።»

«እንዴ፣ ከእኔ ጋር ነዋ የወረደው!» አሉ። ይህን ብለው ወደ ቅጥቅጡ ተመለሱ፤ ትኬታቸው እስከ ነቀምቴ የተከፈለ ነበር።

ሠርጉ ባለፈ ሳምንት ሰውዬው ሽማግሌው ደጅ ተመለሰ። ትልቁ አምፕሊፋየር ተሸጠ፤ ከፊት ወንበር ሥር የሚገባ ቀጭን ተገዛ። ሳጥኑ ወጥቶ ትንሽ ባለ 8 ኢንች ተተካ። ባሱ እንደ ድሮው ደረት አይመታም። ለማስገባት የተበሳው ላሜራ ዕቃው ሲወጣ አልተጠገነም፤ የእጅ ዋጋው ግን ሁለት ጊዜ ተከፍሏል።

ይህን ወሬ የሚሰማ ሁሉ ፍርድ መስጠት ይወዳል። አንዳንዱ በሙዚቃው ይፈርዳል። እኔ አልፈርድም፤ በዚያ መንገድ ላይ ዘፈን ቅንጦት አይደለም፣ ሾፌሩንም ከእንቅልፍ ይጠብቀዋል። ሌላው ደግሞ «እያወቁ ለምን ዝም አሉ?» ብሎ ሽማግሌውን ይወቅሳል። በዚህ በኩል እውነት አለ፤ ሸራ መዘርጋት ከመናገር ነፃ አያወጣም።

ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ከወንበር ሥር ለወጣ ገመድ እንኳ በቅንነት ተሟግቷል። ሳሎን ሲሰፋ የአያት ክፍል የሚጠበው፣ ሱቅ ሲቀጠል የጎርፍ ቦይ የሚደፈነው፣ ቢሮ ሲጠብ መዝገብ ቤቱ ወደ ምድር ቤት የሚወርደውም በቅንነት ነው። ቦዩ በመጋቢት ምን ብሎ ይከራከራል? ነሐሴ ሲገባ ነው የሚናገረው፤ ያኔም ለሸማቹ ጭምር እንጂ ለባለ ሱቁ ብቻ አይናገርም።

እናንተም በሠርግ ወር ወደ ዲዴሳ ከወረዳችሁ፣ ሙዚቃ ከፍቶ እጁን የሚያውለበልብ ሰው መንገድ ዳር ብታገኙ፣ እልል ከማለታችሁ በፊት መስኮቱን ዝቅ አድርጉና ምን ጎደለህ ብላችሁ ጠይቁት።