ዳግመኛ የተሠራ ፊልም ከፊተኛው ይበልጣልን?

ሰው የሠራውን ሌላ ሰው እንደ ገና ለመሥራት መነሣቱ የቆየ ልማድ ነው። ቤት ሲያረጅ ይታደሳል፤ ድልድይ ሲደክም በሌላ ይተካል፤ ደንብም ጊዜ ሲያልፍበት ይሻሻላል። በእነዚህ ላይ ክርክር የሚያነሣ የለም፤ የኋለኛው ከፊተኛው ቢሻል እሰየው ይባላል እንጂ ፊተኛው ተደፈረ ተብሎ አይለቀስም። ነገር ግን የሚታደሰው ሕዝብ የወደደው የጥበብ ሥራ በሆነ ጊዜ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። አንድ ስመ ጥር ፊልም በሌላ አዘጋጅና በሌሎች ተዋንያን ዳግመኛ ሊሠራ ነው የተባለ እንደ ሆነ፣ ሥራው ገና ሳይታይ ተመልካቹ በሁለት ወገን ይከፈላል።

በዳንግላ ከተማ ከሥራ ሰዓት በኋላ ቡና ላይ የሚገናኙ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞችም ከዚህ ክርክር ውጭ አይደሉም። ወጣቱ በእጅ ስልኩ የተመለከተውን አዲሱን ያወድሳል፤ ጎልማሳው በተማሪነቱ ዘመን በቪዲዮ ቤት ላየው ለፊተኛው ይሟገታል። ነገሩን በጥሞና ያዳመጠ ሰው ግን ከተከራካሪዎቹ ብዙዎቹ አንዱን ብቻ አይተው በሁለቱ ላይ እንደሚፈርዱ ሳይታዘብ አይቀርም። ክርክሩ የመዝናኛ ወሬ ቢመስልም በውስጡ ከፍ ያለ ጥያቄ ይዟል። ይኸውም ሕያዋን ቀደምቶቻቸው በተዉላቸው ሥራ ላይ ያላቸው መብት እስከ ምን ድረስ ነው? ግዴታቸውስ ምንድን ነው? የሚል ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ፊልም ከሌሎቹ ጥበቦች የሚለይበትን መረዳት ያሻል። ቴአትር በባሕርዩ ሁልጊዜ እንደ ገና የሚሠራ ጥበብ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው «ሀምሌት» መድረክ ላይ በወጣ ቍጥር አዲስ ነው፤ የትናንቱ ትርኢት አልፏልና ከዛሬው ጋር ጎን ለጎን አቁሞ የሚያመዛዝነው የለም። ሼክስፒር ራሱ እንኳ «ሀምሌት»ን ከመጻፉ በፊት በዚሁ ስም የሚታወቅ ሌላ ተውኔት በለንደን መድረክ ነበረ፤ «ንጉሥ ሊር»ንም የጻፈው ከእርሱ በፊት ሲታይ የነበረ ተውኔት መነሻ አድርጎ ነው። ዛሬ እነዚያን ፊተኞቹን የሚያስታውሳቸው ተመራማሪ ብቻ ነው። ፊልም ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ጊዜ ከተቀረጸ በኋላ የተዋናዩ ፊት አያረጅም፤ ድምፁም አይለወጥም። ስለዚህ ፊልምን ዳግመኛ የሚሠራ ሰው የሚፋረደው ከትዝታ ጋር ሳይሆን ቀርቦ መናገር ከሚችል ምስክር ጋር ነው።

«ዳግመኛ የተሠራ ሁሉ ከፊተኛው ያንሳል» የሚሉት ሰዎች ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 እ.ኤ.አ. «ሳይኮ» የተባለውን አስፈሪ ፊልም በጥቁርና ነጭ ሠርቶ አወጣ። በ1998 እ.ኤ.አ. ገስ ቫን ሳንት የተባለ አሜሪካዊ አዘጋጅ ይህንኑ ፊልም በቀለም እንደ ገና ሠራው። የካሜራውን አቋም፣ የትዕይንቱን ቅደም ተከተልና ንግግሩን ከጥቂት ለውጥ በቀር እንደ ነበረ ተከተለ። ከቅርጹ የቀረ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ሆኖም ፍርሃቱ ቀረ። ፊተኛው ተመልካቹን ያስደነገጠው ይመጣል ብሎ ያላሰበውን ስላመጣበት ነው። የሚታወቀውን ነገር በሚታወቀው ቦታ ማምጣት ግን ማንንም አያስደነግጥም።

«ቤን ሁር» የተባለው ታሪክም ተመሳሳይ ነገር ይመሰክራል። በ1959 እ.ኤ.አ. የተሠራው ፊልም 11 የኦስካር ሽልማት ሲያገኝ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. በብዙ ወጪ የተሠራው ግን በገበያም በሐያስያን ዘንድም ሳይሳካለት ቀረ። ይሁን እንጂ ይህ ማስረጃ በሁለት ወገን የተሳለ ሰይፍ ነው፤ ያ የተከበረው የ1959ኙ ፊልም ራሱ በ1925 እ.ኤ.አ. ያለ ድምፅ የተሠራው ፊልም ዳግመኛ ሥራ ነበርና። እንግዲህ «ዳግመኛ የተሠራ ሁሉ ያንሳል» ማለት አልተቻለም።

ይልቁንም የሚያስገርመው የ«ማልታው ጭልፊት» ነገር ነው። ዳሽየል ሃሜት የጻፈውን ይህን የወንጀል ልብ ወለድ ዋርነር ብራዘርስ የተባለው ኩባንያ በ1931 እ.ኤ.አ. ፊልም አደረገው። በ1936 እ.ኤ.አ. ስሙን ለውጦ፣ ወደ ቀልድም አዘንብሎ ደገመው። በ1941 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጆን ሂውስተን የመጀመሪያ የአዘጋጅነት ሥራው አድርጎ ሠለሰው። ዛሬ ዓለም በክብር የሚያነሣው ይህን ሦስተኛውን ነው። ሂውስተን ያደረገው ነገር ሲናገሩት ቀላል ይመስላል፤ ካለፉት ሁለት ፊልሞች ጋር ከመፎካከር ይልቅ ወደ ደራሲው መጽሐፍ ተመለሰ። የልብ ወለዱን ንግግርና ቅዝቃዜውን ጠበቀ፤ ሃምፍሪ ቦጋርትንም የመሰለ ተዋናይ አገኘለት። የበለጠው ወደ ምንጩ ወርዶ ስለ ቀዳ ነው።

ሌላም ዓይነት መንገድ አለ። አኪራ ኩሮሳዋ በ1954 እ.ኤ.አ. «ሰባቱ ሳሙራዮች» የተባለውን ፊልም በጃፓን ሠራ፤ ታሪኩ ወንበዴ ያስጨነቃቸው ገበሬዎች ሰባት ተዋጊዎች ፈልገው መንደራቸውን እንዴት እንዳዳኑ የሚተርክ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. ጆን ስተርጅስ ይህንኑ ታሪክ «ሰባቱ ግሩማን» በሚል ስም ወደ ሜክሲኮ መንደር አዛወረው፤ ሳሙራዩ በአሜሪካ ምዕራብ ተኳሽ፣ ሰይፉም በሽጉጥ ተተካ። ስተርጅስ ኩሮሳዋን በለጠ የሚል ዳኛ ማግኘት ያስቸግራል። ነገር ግን ለታሪኩ አዲስ አገርና አዲስ ሰው ስላገኘለት ፊልሙ በራሱ እግር ቆመ። የተራበ ገበሬና ለሌላው ሲል የሚሞት ተዋጊ በጃፓን ብቻ አይገኙምና።

ለነዚህ ሁሉ መለኪያ ለመፈለግ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። በጎጃም የጸናው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሁለት ሥርዓቶችን ለይቶ አኑሮልናል፤ አንዱ ዜማ፣ ሁለተኛው ቅኔ ነው። የድጓ ተማሪ ከቅዱስ ያሬድ የወረደውን ዜማ ከመምህሩ አፍ እንደ ሰማው ይቀበላል፤ ምልክቱን ይጠብቃል፤ ከራሱ ቢጨምርበት ወይም ቢቀንስበት ስሕተት ይባልበታል እንጂ ፈጠራ ተብሎ አይመሰገንበትም። በዋሸራም ሆነ በሌላው ጉባኤ ቤት የተቀመጠ የቅኔ ተማሪ ግን የሚታዘዘው ተቃራኒውን ነው። የሌላውን ቅኔ አምጥቶ የእኔ ነው ቢል ያፍርበታል፤ ትናንት የተቀኘውን ዛሬ መድገምም አያስከብረውም። ይሁን እንጂ ይህ ነፃነት ልቅ አይደለም። ጉባኤ ቃናው ከ2 ቤት፣ መወድሱም ከ8 ቤት አይወጣም። ልኩ ከአባቶች የተሰጠ ነው፤ አዲስ የሚሆነው ምሥጢሩ ነው።

ፊልምን ዳግመኛ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በፊተኛው ሥራ ውስጥ የቱ ዜማ፣ የቱ ቅኔ እንደ ሆነ ሳይለይ ሲቀር ነው። የ«ሳይኮ» ደጋሚ ቅኔውን እንደ ዜማ ቈጠረው፤ ሌላው የተቀኘውን ቃል በቃል መለሰው። ሌሎች ደግሞ ዜማውን እንደ ቅኔ ይቈጥሩታል፤ ሕዝቡ ታሪኩን የወደደበትን መሠረት አፍርሰው ስሙን ብቻ ለማስታወቂያ ያስቀሩታል። መልካም ደጋሚ ግን ልኩን ጠብቆ የራሱን ምሥጢር ይቀኝበታል።

በገዛ ሥነ ጽሑፋችን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ነው። ዜና መዋዕላቸውን ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም አስቀድመው ጽፈውታል። ደጃዝማች ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1942 ዓ.ም. ተውኔት አደረጉት፤ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ እንባ»ን ጻፈ፤ ከዳንግላ ጎረቤት ከአቸፈር የተገኘው አቤ ጉበኛ ደግሞ በ1961 ዓ.ም. «አንድ ለናቱ»ን አሳተመ። ንጉሡ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አምባ ላይ እጃቸውን ላለመስጠት በገዛ ሽጉጣቸው እንደ ሞቱ ደራሲዎቹም አንባቢዎቻቸውም ያውቃሉ። ይህ ዜማው ነው፤ ማንም ሊለውጠው አይችልም። ነገር ግን አንዱ ንጉሡን በመድረክ ላይ እንዲናገሩ አደረጋቸው፤ ሁለተኛው ከጀግንነታቸው ይልቅ እንባቸውን የመጽሐፉ ስም አደረገው፤ ሦስተኛው ለእናታቸው አንድ መሆናቸውን ከርዕሱ ጀምሮ አስታወሰን። ከሦስቱ የትኛው ይበልጣል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ሆኖም አንዱ በመጻፉ ምክንያት ሌላው ከመደርደሪያ አልወረደም። እንዲያውም የኋለኛውን ያነበበ ተማሪ ፊተኛውን ሊፈልግ ይነሣል።

የነገሩ ሥነ ምግባራዊ ገጽታ የሚመጣውም በዚህ ላይ ነው። መታሰቢያ ሌላ፣ ምትክ ሌላ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር፣ ፈረሰኛው ፈረሱን ሸልሞ በጉግስና በግልቢያ ወደ ዓድዋ የዘመቱትን አባቶቹን ያስባል። «የዘንድሮው ፈረሰኛ የዓድዋውን በለጠውን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ በዓሉ ለፊተኛው መታሰቢያ እንጂ ምትክ ሆኖ አልመጣምና። በፊልም ዓለም ግን ምትክ ለመሆን የሚመጣ ሥራ ብዙ ነው።

በእንግሊዝ አገር ቶሮልድ ዲኪንሰን በ1940 እ.ኤ.አ. «የጋዝ መብራት» የተባለ ፊልም አዘጋጀ። የአሜሪካው ሜትሮ ጎልድዊን ማየር ኩባንያ መብቱን ገዝቶ በ1944 እ.ኤ.አ. ዳግመኛ ሲሠራው፣ የፊተኛው ፊልም ቅጂዎች ሁሉ እንዲጠፉ እንደ ፈለገ በሲኒማ ታሪክ ይነገራል። ደግነቱ ቅጂ ተርፎ ዛሬ ሁለቱም ይታያሉ። ልብ ሊባል የሚገባው የኋለኛው ፊልም መጥፎ አለመሆኑ ነው፤ ኢንግሪድ በርግማን የኦስካር ሽልማት ያገኘችበት የተዋጣለት ሥራ ነው። ከፊተኛው ይበልጣል የሚሉም አሉ። ነገር ግን ቢበልጥስ? ከሌላው መብለጥ ሌላውን የመግደል ሥልጣን አይሰጥም። ፊተኛው ከጠፋ ደግሞ መብለጡ ራሱ በምን ይታወቃል? ተወዳዳሪውን ከሜዳ አስወጥቶ ብቻውን የሮጠ ሰው አንደኛ ወጣሁ ቢል የሚያምነው የለም።

ሌላው ግዴታ ውለታን መግለጽ ነው። ሰርጂዮ ሊዮኔ በ1964 እ.ኤ.አ. «ለአንድ እፍኝ ዶላር» የተባለውን ፊልም ሲሠራ፣ ኩሮሳዋ በ1961 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ዮጂምቦ»ን ያለ ፈቃድ ተከትሎ ነበር። ነገሩ በክስ ተነሥቶ ለጃፓኖቹ በካሣ አለቀ። የሊዮኔ ፊልም በጥበቡ ዛሬም ይመሰገናል፤ ቢሆንም ውበቱ ዕዳውን አልሰረዘለትም። ቅኔ ሰርቆ በመልካም ድምፅ ያዜመ ሰው ድምፁ ይመሰገንለታል እንጂ ቅኔው የእርሱ አይባልም።

ይህ ሁሉ እኛን በቅርብ የሚመለከት ነገር ነው። «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» የተባለው ፊልም ለሕዝብ የታየው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ሚሼል ፓፓታኪስ ያዘጋጀው «ጉማ» ደግሞ በ1966 ዓ.ም. ወጣ። የአገራችን የፊልም ጥበብ መነሻ ከሆኑት ከእነዚህ ሥራዎች ጋር ዛሬ በክፍለ ሀገር ከተሞች የሚማር ወጣት የሚተዋወቀው አብዛኛውን ጊዜ በስም ብቻ ነው። ነገ አንድ ባለሙያ ተነሥቶ «ሂሩት»ን ዳግመኛ ልሥራ ቢል ሊከለከል አይገባውም። አባት ያልታወቀለት ልጅ ጥያቄ ዛሬም በኅብረተሰባችን ውስጥ ያለ ነው፤ አዲስ ቅኔም ይችላል። ነገር ግን ተመልካቹ ፊተኛውን ሳያይ አዲሱን ብቻ ቢያይ፣ በረታ ወይም ደከመ ብሎ የሚፈርድበት መሠረት የለውም። ደጋሚውም ቢሆን ከማን እንደ በለጠ የሚመሰክርለት አያገኝም።

እንግዲህ ለጥያቄው መልስ መስጠት ይገባል። አዎን፣ ዳግመኛ የተሠራ ፊልም ከፊተኛው ሊበልጥ ይችላል፤ «የማልታው ጭልፊት» ለዚህ በቂ ምስክር ነው። ነገር ግን የሚበልጠው ፊተኛው በገንነቱ ያገኘውን ስም ለመውረስ ሲመጣ ሳይሆን፣ ፊተኛው ሳይመልሰው የተወውን ወይም በዘመኑ ሊያየው ያልቻለውን ነገር ይዞ ሲመጣ ነው። በተሻለ ካሜራና በደመቀ ቀለም ብቻ የሚመጣ ሁሉ ነገ ደግሞ ከእርሱ በተሻለ ካሜራ ይቀደማል።

ከዚህ የተነሣ ሁላችንም የየድርሻችን ሥራ አለን። የመዛግብትና የባህል ሥራ በእጃቸው ያለ ሹማምንት አሮጌውን ፊልም እንደ አሮጌ ወረቀት ሳይሆን እንደ ብራና መጽሐፍ ይቈጥሩት፤ ተጠብቆ መቀመጡ ብቻ አይበቃም፣ አልፎ አልፎም ይታይ። መምህራን ሁለቱን ሥራ ጎን ለጎን አቅርበው ተማሪዎቻቸውን ፍርድ ያለማምዱ፤ «የትኛው ይበልጣል?» ከማለታቸው በፊት «የኋለኛው ምን ጨመረ? ምንስ አጎደለ?» ብለው ይጠይቁ። ተማሪውም አዲሱን በወደደ ጊዜ ፊተኛውን ሳይፈልግ አይተኛ፤ ፊተኛውን የወደደም አዲሱን ሳያይ አይንቀፍ። በሸንጎ እንኳ ሁለቱ ባለጉዳዮች ሳይሰሙ ፍርድ አይሰጥም።