ስለ መሰናበት፤ አሠሪው «አልተቀበልሁም» ባለ ጊዜ

በቀደም ዕለት ከቅዳሴ በኋላ፥ ቀድሞ ከእኔ ዘንድ ቅኔ የተማረ፥ ዛሬ በአንድ ነጋዴ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት የሚጠብቅ ሰው መጥቶ ነገር ጠየቀኝ። «የኔታ፥ ሥራዬን መልቀቄን ጽፌ ለአሠሪዬ ሰጠሁት፤ እርሱም ወረቀቱን ወደ እጄ መልሶ ‹አልተቀበልሁም› አለኝ። እንጀራውን የበላሁት ሰው ነውና ሳይፈቅድልኝ ብሄድ ኀጢአት ይኾንብኝ ይኾንን?» አለኝ። ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ ሲነሣኝ አደረ።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። «መልቀቂያ» ማለት በቋንቋችን ኹለት ነገር ነው። ሠራተኛው ለአሠሪው የሚሰጠውም ወረቀት መልቀቂያ ይባላል፤ አሠሪው ለሚወጣው ሠራተኛ የሚሰጠውም መልቀቂያ ይባላል። በቅኔ ቤት እንዲህ ያለውን ኅብር እንለዋለን፤ ለቅኔ ጌጥ ነው፥ ለውል ግን ወጥመድ ይኾናል። ሠራተኛው ማስታወቂያ ብሎ የጻፈውን አሠሪው ልመና አድርጎ ያነበዋልና፤ ለልመናም እንቢ ማለት ይቻላል። ሕጋችን ግን ልመና አላደረገውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን እንዲያቋርጥ ይፈቅዳል፤ አሠሪው እሺ ይበል የሚል ቃል አልጨመረበትም። ሥራን ለመለወጥ የአሠሪ ፈቃድ ግድ በኾነበት አገር ምን እንደሚደርስ ወደ ዐረብ አገር የሄዱ እኅቶቻችን ያውቁታል፤ ኳታርም ይህን ፈቃድ በ2020 እ.ኤ.አ. በሕግ አስቀርታለች።

ነገር ግን ያ ሰው የመጣው ስለ ሕጉ አይደለም። የሕጉን ጠበቃ ይነግረዋል፤ እኔን የጠየቀኝ ስለ ነፍሱ ነው።

የያዕቆብን ነገር እናስብ። ስለ ልያና ስለ ራሔል 14 ዓመት አገልግሎ ውሉን ፈጸመ፤ ዮሴፍም በተወለደ ጊዜ ወደ ላባ ቀርቦ ወደ አገሩ እንዲያሰናብተው ጠየቀ። ላባ ምን አደረገ? አልተቈጣም፤ አመሰገነው እንጂ። በእርሱ ምክንያት በረከት እንዳገኘ መስክሮ ደመወዙን ራሱ እንዲቈርጥ ነገረው። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልብ በል፤ እንቢታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዱላ ሳይኾን በእንዲህ ያለ ምስጋና ነው። የእኔንም ሰው አሠሪው «ያለ አንተ ቤቴ ይፈርሳል» ብሎታል። ያዕቆብም በምስጋናው ታስሮ 6 ዓመት ጨመረ፥ ደመወዙም 10 ጊዜ ተለዋወጠ። በመጨረሻ ላባ በጎቹን ሊሸልት በሄደበት ጊዜ ሳይነግረው ወጣ፤ ላባም 7 ቀን ተከትሎ በገለዓድ ተራራ ደረሰበት። በዚያም ብትነግረኝ ኖሮ በዘፈንና በከበሮ በሸኘሁህ ነበር ብሎ ወቀሰው። ጥቂት ቈይቶ ግን ልጆቹንም መንጋውንም ኹሉ የራሱ እንደ ኾነ ይናገራል። ኹሉ የእኔ ነው የሚል ሰው ማንን በከበሮ ይሸኛል?

ያዕቆብም ቢኾን ያለ ነቀፋ አልወጣም። አወጣጡ በስውር ነበርና ራሔል የሰረቀችውን ጣዖት ሳያውቅ በጓዙ ውስጥ ይዞ ሄደ፤ ድንኳኑም ኹሉ ተበረበረ።

ቅዱስ ጴጥሮስ ለጠማማ ጌቶች እንኳ ተገዙ ብሎ የለምን? የሚለኝ ካህን ይኖር ይኾናል። ብሏል። ነገር ግን በሥራ ላይ ሳሉ መታዘዝ አንድ ነገር ነው፤ ከሥራው አትወጣም መባል ሌላ ነው። በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 21 በገንዘብ የተገዛው ዕብራዊ እንኳ 6 ዓመት አገልግሎ በሰባተኛው አርነት ይወጣል። የሚቀረው ጌታውን እንደሚወድ፥ መውጣትም እንደማይፈልግ ራሱ ሲናገር ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ በመዝጊያው አጠገብ ጆሮው በወስፌ ይበሳል። የመቅረቱ ቃል የሚጠበቀው ከባሪያው አፍ ነው፥ ከጌታው አፍ አይደለም። ለተገዛው እንዲህ ከኾነ ለደመወዝተኛውማ እንዴት አይኾንም!

ስለ ላባ ይህን ያህል ከተናገርሁ የራሴን መደበቅ አይገባኝም። ከ20 ዓመት በፊት በጉባኤዬ አስነጋሪ የነበረ አንድ ደቀ መዝሙር፥ አባቱ ዐይኑ ስለ ጠፋ ገብቶ ይረዳው ዘንድ እንድመርቀው ለመነኝ። እኔም «ገና አልበቃህም» አልሁት። በቅቶ ነበር። ተማሪዎቹን የሚያስነግርልኝ ሌላ ሰው ስላልነበረኝ ነው። እርሱም ያለ ምርቃት መውጣትን ፈርቶ ክረምቱን ተቀመጠ። በመስከረም መርቄ ሰደድሁት፤ ሲደርስ አባቱ በነሐሴ ተቀብሮ ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም፤ እንዲያውም ምርቃቴ እንደ ረዳው ይናገራል፥ ይህም ከወቀሳ ይልቅ ይከብደኛል።

በማግስቱ ያ ሰው ሲመለስ እንዲህ አልሁት። «ወረቀቱን ቀኑን ጽፈህ እንደ ገና ስጠው፤ ግልባጩንም አስቀር። በእጁ ባይቀበልህ በምስክር ፊት ከጠረጴዛው ላይ አኑርለት። 30ውን ቀን ከፊተኛው ይልቅ ተግተህ ሥራ። ዕቃውን በመዝገብ እያመሳከርህ አስቈጥር፥ ቍልፉን አስረክበህ አስፈርም፥ የሚተካህም ቢመጣ ኹሉን አሳየው። በመጨረሻው ቀን ገብተህ እጅ ንሣው፤ እንጀራውን በልተሃልና አመስግነው። ቢመርቅህ መልካም ነው።»

«ባይመርቀኝስ፥ የኔታ?»

«ወደ እኔ ና፥ እኔ እመርቅሃለሁ፤ አንድ ቀንም አላቈይህም» አልሁት። የዚያን የአስነጋሪዬን ነገር አያውቅምና፥ ቀልድ መስሎት ሣቀ።