ቀን ያልተቈረጠለት ፍርድ

ፍርድ ሁለት ነገር ይሻል፤ ይኸውም እውነትን መለየትና ለተበደለው መብቱን ማስረከብ ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢጐድል ሙሉ ፍርድ አይባልም።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1896 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ስለ ባቡር ሠረገላ በተነሣው በፕሌሲ ክርክር፥ ጥቁርና ነጭ እኩል እስከ ተስተናገዱ ድረስ መለያየታቸው ሕግን አያፈርስም ብሎ ነበር። ከዳኞቹ የተቃወሙት ሃርላን ብቻ ናቸው። በ1954 ዓ.ም. ግን ዘጠኙ ዳኞች በብራውን ክርክር፥ ተማሪዎችን በዘር መለየት ራሱ እኩልነትን ማፍረስ ነው ሲሉ በአንድ ድምፅ ፈረዱ። እውነቱ ተለየ።

ነገር ግን በ1955 ዓ.ም. ስለ አፈጻጸሙ ሲወስኑ፥ በማስተዋል ይፋጠን አሉ እንጂ ቀን አልቈረጡም። ፍርዱን የጠሉትም ማስተዋሉን ይዘው መፋጠኑን ተዉት። በቨርጂኒያ የፕሪንስ ኤድዋርድ አውራጃ ጥቁርና ነጭ አብረው እንዳይማሩ ሲል የሕዝብ ትምህርት ቤቶቹን ከ1959 እስከ 1964 ዓ.ም. ዘጋ። ፍርድ ቤቱ ሳይውል ሳያድር ይፈጸም ያለው በ1969 ዓ.ም. ነው። በ1954 ሰባት ዓመት የነበረው ሕፃን ያን ጊዜ 22 ዓመት ሞልቶታል።

ዳኞቹ ሁከትን ፈርተው ታገሡ የሚል ይኖራል። ትዕግሥትስ መልካም ነው፤ ሆኖም የተበደለው ከገዛ ራሱ የሚሰጠው ነው እንጂ ዳኛ በእርሱ ስም ለበዳዩ የሚያበድረው አይደለም። ያለፈ የልጅነት ዕድሜም ካሣ የለውም። እንግዲህ በሸንጎም ሆነ በሽምግልና ለመፍረድ የተቀመጠ ሁሉ፥ «ይገባዋል» ካለ በኋላ «መቼ?» ለሚለው ሳይመልስ አይነሣ።