ዓፄ ካሌብ የተዉት መቃብር

ሰው ሙታኑን ከሸለቆ ይልቅ በኰረብታ ራስ ላይ ማኖርን ስለ ምን እንደ ወደደ ለመመርመር የሚሻ ሁሉ፥ መጻሕፍትን ከማገላበጡ አስቀድሞ ከአክሱም ከተማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚወጣውን መንገድ በእግሩ ቢሄድበት ይጠቀማል። መንገዱ፥ ትውፊት ከንግሥተ ሳባ ስም ጋራ የሚያያይዘውንና ካህናቱ በዓለ ጥምቀትን የሚያከብሩበትን ማይ ሹምን አልፎ፥ ንጉሥ ኢዛና ዜና ድሉን በሦስት ዓይነት ጽሕፈት ካስቀረጸበት ደንጊያ አጠገብ ዘልቆ፥ ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል፤ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዱ በኋላም የዓፄ ካሌብና የልጃቸው የዓፄ ገብረ መስቀል መቃብሮች በኰረብታው ላይ ጐን ለጐን ይገኛሉ።

ከመሬት በላይ ከነበረው ሕንፃ የቀረው ጥቂት ነው፤ በደረጃ ወርደው የሚያዩት የምድር ውስጥ ሥራ ግን ከ1400 ዓመት በላይ ጸንቶ ኖሯል። በካሌብ መቃብር ጐናቸው እኩል ያልሆነ ግዙፋን ደንጊያዎች፥ የአንዱ ማዕዘን በሌላው ማዕዘን ልክ እየተጠረበ፥ በመካከላቸው ክፍተት እስኪጠፋ ድረስ ተገጣጥመዋል፤ በገብረ መስቀል መቃብር ደግሞ ጥርቡ የበለጠ የለሰለሰ ሲሆን፥ ከደንጊያ ሣጥኖቹ በአንደኛው ላይ የመስቀል ምልክት ተቀርጿል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1906 ዓ.ም. ኤኖ ሊትማን የመራው የጀርመን ሊቃውንት ጓድ መቃብሮቹን መርምሮ ንድፋቸውን አንሥቷል። ሣጥኖቹ ዛሬ ባዶ ናቸው።

የዓፄ ካሌብ ዜና በቤተ ክርስቲያን የታወቀ ነው። በደቡብ ዐረብ የነገሠው ፊንሐስ የናግራንን ክርስቲያኖች በእሳትና በሰይፍ በፈጀ ጊዜ፥ ንጉሡ በአውሮፓ አቈጣጠር በ525 ዓ.ም. ገደማ ሠራዊታቸውን በመርከብ አሻግረው ድል አደረጉት። ከመዝመታቸው አስቀድሞ፥ ከመቃብሩ ማዶ ባለው ተራራ በጠባብ ጾማዕት ቆመው ይጸልዩ ከነበሩት ከአባ ጰንጠሌዎን ዘንድ በረከት ተቀብለው ነበር ይባላል። ድል አድርገው ሲመለሱም፥ እንደ ሌላው አሸናፊ በክብራቸው ላይ ክብር ይጨምራሉ ሲባል፥ ዘውዳቸውን በጌታ መቃብር ደጃፍ ይሰቀል ዘንድ ወደ ኢየሩሳሌም ሰደዱ፤ መንግሥታቸውን ለልጃቸው ትተው በዚያው በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም መነኰሱ፥ ዕድሜያቸውንም በዚያ ፈጸሙ። ቤተ ክርስቲያን ግንቦት 20 ቀን በዓላቸውን ታከብራለች።

እንግዲህ ይህን እያሰበ ወደ ኰረብታው የሚወጣ ሰው ሁለት ክርክር ይነሣበታል። አንደኛው፥ ለሚፈርስ ሥጋ ይህን ያህል ደንጊያ ማስጠረብ ከንቱ ውዳሴ ነው፥ ትሑት ንጉሥ እንደ ድኻው ወገኑ ሦስት ክንድ ምድር በበቃው ነበር የሚል ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይጠነክራል፤ ሕዝብን ይጠብቅ ዘንድ የተቀባ ንጉሥ ስለ ገዛ ነፍሱ ብሎ ዙፋኑን መተው ይገባዋልን? መንጋውን ትቶ ወደ በዓት የገባ እረኛ ጽድቅን ፈለገ ይባላልን፥ ወይስ ከሸክሙ ሸሸ?

ሁለተኛውን ክርክር የሚፈታው ከካሌብ መቃብር አጠገብ ያለው መቃብር ነው። ካሌብ ከመንግሥት የወረዱት በሽንፈት ቀን ሳይሆን በድል ማግሥት ነው፤ የገብረ መስቀልም ዘመን ቅዱስ ያሬድ ዜማውን የደረሰበት ዘመን ሆኖ በትውፊታችን ይነገራል። ሸክሙን መሸከም ለሚችል ትከሻ ያስረከበ ሰው ጣለው አይባልም፤ እንዲያውም መንግሥት የሰው ርስት ሳይሆን አደራ መሆኑን፥ እስኪሞት ድረስ ዙፋኑን ከጨበጠው ይልቅ በጊዜው ያስረከበው አጥብቆ ያስተምራል።

የፊተኛው ክርክር ግን የምንኵስናን ምሥጢር ካላሰቡ አይፈታም። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የሚመነኵስ ሰው እንደ ሙት ተቈጥሮ የግንዘት ጸሎት ይደገምለታል፤ ከዚያ ወዲያ ለዓለም በቁሙ የሞተ ነው። በዚህ ሥርዓት ዓይን ሲታዩ፥ ዓፄ ካሌብ በገዳሙ ደጃፍ አንድ ጊዜ የተቀበሩ ናቸውና ሁለተኛ መቃብር ለእርሳቸው ምንም አይረባቸውም። ለእኛ ግን እጅግ ይረባናል። ምናኔ በልብ የሚፈጸም ስለ ሆነ በዐይን አይታይም፤ የሚታየው የተተወው ነገር ብቻ ነው። አንዳች ያልነበረው ሰው ሁሉን ተውሁ ቢል ልቡን የሚያውቅለት እግዚአብሔር ነው፤ ሰው ግን ምስክር ሊሆነው አይችልም። በካሌብ ነገር ምስክሩ ደንጊያው ነው፤ በእነዚያ ግዙፋን ጥርቦች መካከል የቆመ ሁሉ ንጉሡ ምን ያህል ኀይል፥ ምን ያህል ጥበብ፥ ምን ያህል የታዛዥ እጅ እንደ ነበራቸው በዐይኑ አይቶ፥ ያን ሁሉ በአንዲት በዓት መለወጥ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማመዛዘን ይችላልና።

ስለዚህ የመቃብር ከንቱነት በደንጊያው ትልቅነት አይለካም። ባለቤቱን ከመረሳት ያድነዋል ተብሎ የታነጸ መቃብር፥ ቢገዝፍም ቢያንስም፥ ከንቱ ነው፤ ባለቤቱ ከእርሱ የሚበልጥ ነገር እንዳገኘ የሚመሰክር ግን፥ እንደ ስብከት ሰው ሁሉ በሚያየው ከፍታ ላይ መቆም ይገባዋል። አክሱማውያን ንጉሡ በገዳም እንዳረፉ እየተናገሩ ይህን ስፍራ በስማቸው መጥራትን ያልተዉት፥ መቃብር ሬሳን ከመያዝ የሚበልጥ ሥራ ሊኖረው እንደሚችል ስላወቁ ይመስለኛል። ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም የሰደደ ንጉሥም፥ የሃይማኖቱ መሠረት ባዶ መቃብር መሆኑን የሚያውቅ ነውና፥ የራሱ መቃብር ባዶ ሆኖ ቢቀር እንደ ጉድለት አይቈጥረውም ነበር።