የአራት ሳምንት ረሀብ

«ሆዳም» የሚለው ስድብ በሰው ባሕርይ ላይ የሚሰጥ ከባድ ፍርድ ነው። ለመሆኑ ከተወለደ ጀምሮ ጥጋብን የማያውቅ ሰው በዚህ ስም ሊጠራ ይገባልን? ከሰውነታችን ስብ የሚመነጨው ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን ለአንጎል «በቂ ስንቅ አለ» የሚል መልእክት ያደርሳል። መልእክቱን የሚያስተላልፉት ጂኖች ከሁለቱም ወላጆች ተበላሽተው ሲወረሱ ግን መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ሕፃኑ በልቶም ይራባል።

ለእነዚህ ጥቂት ሕሙማን ሴትሜላኖታይድ የተባለ መርፌ ተሠርቶ የሁለት ሙከራዎች ውጤት እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። በአንደኛው 10፣ በሌላው 11 ሰዎች ነበሩ። ከዓመት ገደማ በኋላ ከ10ሩ 8ቱ፣ ከ11ዱ 5ቱ ቢያንስ የክብደታቸውን 10 በመቶ ቀንሰዋል።

የሕሊና ጥያቄ የሚያስነሳው ግን በሙከራው መካከል የተደረገው ነው። መድኃኒቱ የሠራላቸው ሰዎች፣ መቼ እንደሆነ ሳይነገራቸው፣ ለ4 ሳምንታት መድኃኒት የሌለበት መርፌ ተወጉ። ረሀቡ ተመለሰ፤ ክብደታቸውም በአማካይ 5 ኪሎ ያህል ጨመረ። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ እንደገና ተሰጣቸው።

አንዳንዶች «የዳነን ሰው መልሶ ማስራብ ጭካኔ ነው» ይሉ ይሆናል። ቃሉ ከባድ ነው፤ በቸልታ የሚታለፍም አይደለም። ይሁን እንጂ በሽታው እጅግ ብርቅ በመሆኑ ለማነጻጸሪያ የሚሆን ሌላ ትልቅ ቡድን ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሕመምተኛ ከራሱ ጋር ተነጻጸረ። ማቅለሽለሽ የሚያስከትልና ቆዳን የሚያጠቁር መድኃኒት ለዓመታት የሚወጋ ሰው፣ ያዳነው መድኃኒቱ ይሁን የሐኪሞች ክትትል በእርግጥ የማወቅ መብት አለው። በተስፋ ብቻ ዕድሜ ልክ መወጋትም ጉዳት ነው።

እንግዲህ ያ ረሀብ ትክክል የሚሆነው በቅድመ ሁኔታ ነው፦ ሕመምተኛው አስቀድሞ ካወቀ፣ በፈለገ ጊዜ መውጣት ከቻለ፣ መድኃኒቱም ከተመለሰለት። ስለ ራሱ መፈረም ለማይችል ልጅ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መድኃኒቱን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ከ6 ዓመት ጀምሮ ላሉ ሕሙማን ፈቅዷል። ዋጋው ግን እጅግ ውድ ነው። ጥቂቶች የተራቡት ሌሎች እንዲጠግቡ ከሆነ፣ ማስረጃው በእጃችን ያለ አደራ ነው። መድኃኒቱ ለሀብታም ብቻ ከደረሰ አደራው ተበልቷል። ማስረጃውን ካየን በኋላም የታመመውን ልጅ «ሆዳም» ብንለው፣ አደራውን በልተናል።