ከመዳፍ ጀርባ የሚቀር ቁስል

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ ታማሚው ላይ ይጥላል። በቤህቼት በሽታ የሚሠቃዩ ብዙዎች አልደበቁም። የአፋቸውን ቁስል ለጥርስ ሐኪም፣ የቀላ ዓይናቸውን ለዓይን ሐኪም፣ እግራቸው ላይ ያበጠውን ለቆዳ ሐኪም አሳይተዋል። ብልታቸው ላይ ስለወጣው ግን የጠየቃቸው የለም፤ ሳይጠየቁ ለመናገር ደግሞ አፍረዋል።

የተናገረም ቢሆን አባላዘር ይጠረጠርበታል። መጠርጠሩ ተገቢ ነው። የሚያሳዝነው ምርመራው ነፃ ካለው በኋላም ጥርጣሬው ትዳሩ ውስጥ መክረሙ ነው። የቂጥኝ የመጀመሪያ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ የዚህኛው ግን ያማል፣ ሲድንም ብዙ ጊዜ ጠባሳ ይተዋል። ስለዚህ ቁስሉ ከጠፋ በኋላም ለሚጠይቅ ሐኪም ምስክር አለው።

ኢስታንቡላዊው የቆዳ ሐኪም ሁሉሲ ቤህቼት ቂጥኝን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ስለ ምርመራውም መጽሐፍ ጽፏል። ቂጥኝ ያልሆነውን ለመለየት የረዳው ይኸው እውቀቱ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1937 የአፍ፣ የብልትና የዓይን ሕመሞች አንድ በሽታ ናቸው ብሎ ጻፈ። ከእሱ ቀደም ብሎ ግሪካዊው የዓይን ሐኪም አዳማንቲያዲስ ተመሳሳይ ሕመም ገልጾ ስለነበር፣ በሁለቱም ስም የሚጠሩት አሉ።

በሽታው የደም ሥሮች መቆጣት ነው፤ የሰውነት መከላከያ በገዛ አካሉ ላይ ይነሣል። ዛሬም ቢሆን ቁርጡን የሚናገር የደም ምርመራ የለም። ኤችኤልኤ-ቢ51 የተባለው የዘር ምልክት ከሜድትራንያን እስከ ጃፓን በታማሚዎች ላይ በብዛት ቢገኝም፣ ይዞት ሳይታመም የሚኖረው ይበዛል። ሐኪሙ የሚመካው በታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው መስፈርት በ12 ወር ውስጥ ቢያንስ 3 ጊዜ የተመላለሰ የአፍ ቁስል ይጠይቃል፤ ከዚያም ከብልት ቁስል፣ ከዓይን ሕመም፣ ከቆዳ ምልክትና ከመርፌ ፍተሻ ሁለቱን። ፍተሻው ቀላል ነው፦ ክንድ በመርፌ ይወጋል፤ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ቦታው ላይ ቡግር ከወጣ ምልክት ነው። ባይወጣም በሽታው የለም ማለት አይደለም።

እንግዲህ የብልቱን ቁስል ያልሰማ የዓይን ሐኪም ከመስፈርቱ አንዱን አጥቷል። እሱ የዓይን ጠብታ እያዘዘ ወራት ሲያልፉ፣ በዓይን ውስጠኛ ክፍል የሚመላለሰው መቆጣት ብርሃን ሊነጥቅ ይችላል፤ በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ ይከፋል። መከላከያውን የሚያረግቡ መድኃኒቶች አሉ። በጊዜ ከተጀመሩ የብዙዎችን ዓይን ያድናሉ።